ቢርካ ውስጥ የወረደው ዘፈን

ሀርጌሳ ውስጥ ከኔ የሚበልጥ ጆሮ ያለው የሌሊት ወፍ ብቻ ነው። ጉራ ይመስላችኋል፤ ነውም። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፤ የተበላሸ ቴፕ እየፈታሁ ነው የለመድኩት። ሁለት ፈትቼ አንድ አድርጌ የገጠምኩበት ጊዜም አለ። ያውም ይሠራል።

አሁን ሃያ ስድስት ጁን በሚባለው ሰፈር ባለችኝ ሱቅ የድሮ ካሴት ወደ ስልክ እገለብጣለሁ። አንድ ቀን ድሬዳዋ ያደጉ፣ አማርኛቸው ከኔ የጠራ አሮጊት መጡ። ሟች ባላቸው ሰርግ ለሰርግ እየዞሩ ዘፈን ይቀርጹ ነበር። ከሥራቸው የተረፈችው አንዲት ካሴት ናት። እዚህ ትልቅ ሴት የምትጠራው አክስት ተብላ ነውና፣ «ኤዶ፣ አዲስ ነው የማደርግልዎት» አልኳቸው።

አደረግኳት። ኮምፒውተሩ ኮሽታውንም ማስተጋባቱንም ጠራርጎ አወጣ። ዘፋኙ አጠገቤ የተቀመጠ መሰለኝ፤ ሻይ ልጋብዘው ነበር።

አሮጊቷ አዳመጡና፣ «ዘፋኙ አለ። ባሌ የታል?» አሉ።

«እሳቸውም ይዘፍኑ ነበር እንዴ?»

«አንተ ጉረኛ! ያ የጠረግከው እኮ እሱ ነው!»

ከዚያ ነገሩኝ፦ ያኔ ድምፅ የሚያስተጋባ መሣሪያ ከየት ይምጣ? ባላቸው የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ቢርካ ሲደርቅ ጠብቀው፣ ስፒከር በገመድ አወረዱበት። ዘፈኑን እዚያ አጫውተው፣ ከግድግዳው የሚመለሰውን በማይክ እንደገና ቀረጹት። ጎረቤት «ጂን ልታዘፍን ነው?» እያለ ሲስቅ ገመዱን የያዙት እኚሁ አሮጊት ነበሩ፣ ያኔ ሙሽራ ሳሉ።

እኔ ደግሞ የማጸዳው እየገለበጥኩ ስለሆነ ያልጸዳ ቅጂ የለኝም። ካሴቷ አርጅታ ቡናማ ዱቄት ታራግፋለች። ከእንግዲህ አንዴ እንኳ መጫወቷን እንጃ።

«ቢስሚላሂ በልና ክፈታት» አሉ።

ምንም ሳልጠርግ፣ እንዳለች እየገለበጥኩ ከፈትኩ። ድምፁ ከጉድጓድ ሰፍቶ ወጣ። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለት እጃቸውን ጨበጡ። ሁለተኛው አዝማች ላይ የካሴቷ ክር ጧ ብላ ተበጠሰች።

«ግድ የለም ኤዶ፣ የቀረውን ከጸዳው ወስጄ በኮምፒውተር አስተጋባዋለሁ። የአዳራሽ አለኝ፣ የዋሻ አለኝ...»

«የሱ አለህ?»

እጄን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳሁ። በጣቴ የምነካት እያንዳንዷ ቁልፍ፣ መጀመሪያ የሆነ ቦታ፣ ሰው እየሳቀበት ጉድጓድ ላይ ያጎነበሰ አንድ ሰው እንዳላት ያን ቀን ነው የገባኝ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ «እስከዚህ ይበቃኛል። ምንም እንዳትቀጥልበት።»

ስልካቸው ላይ ዘፈኑ ቃል አጋማሽ ላይ ይቆማል። የሰማ ሁሉ ያ ጉረኛ አበላሸባቸው ይላል። ይበል።