አጎቴ የሚተዉት ክፍተት

አጎቴ ካረፉ አርባ ቀን ሆነ፤ አላህ ይዘንላቸው። ሸዋ ሮቢት ባለው ጋራዣችን የውድድር መኪና ሞተር ሲገጥሙ፣ ፒስተኑ አናት ላይ በቀላሉ የሚጨፈለቅ ቀጭን የሊድ ሽቦ አስቀምጠው ቴስታውን፣ የሞተሩን ክዳን፣ ያስሩና ሞተሩን በእጃቸው ያዞሩት ነበር። ከዚያ ፈተው የተጨፈለቀውን ሽቦ ውፍረት ይለኩ ነበር፤ ፒስተኑ ከቴስታው እንዳይጋጭ የሚቀረው ክፍተት ያ ነው።

አንድ ተወዳዳሪ «ጋሼ፣ ክፍተቱን ትንሽ ያጥብቡት፤ ጉልበት ይጨምርልኛል» ቢላቸው፣ «በሮቢት ሙቀት ሰውም ብረትም ያብጣል፣ ልጄ። ቦታ ተውለት» አሉት።

ዛሬ የዚያው ሰው ሞተር እኔ እጅ ላይ ነው። ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ ሦስቴም አንድ ነው። ግን ቴስታውን አስሬ መልሼ ፈታሁት፤ እንደ አጎቴ «በቃ፣ ይሁን» የሚለኝ የለም።

ሰውየው በር ላይ ቆሞ «ስንት ተውሽለት?» አለኝ።

«እሳቸው የሚተዉትን ያህል» አልኩት።

እሱ ተረጋግቶ ሄደ። እኔ ግን መፍቻውን እስካሁን ከእጄ አላስቀመጥኩም።