ማደጊያ

ጋሽ ወንድይራድ ጫማ የሚገዙት በወረቀት ነበር። አገር ቤት ያለ ዘመድ እግሩን ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በእርሳስ ያሰምርና በሰው እጅ ይልካል። እሳቸው ወረቀቱን በመቀስ ቆርጠው ሱቅ ይሄዱና ጫማው ውስጥ እያስገቡ ይለካሉ። ከዚያ የአንድ ጣት ያህል ይጨምራሉ። ይህችን ጭማሪ "ማደጊያ" ይሏታል። ለአምስት ዓመት ሕፃንም ለሰባ ዓመት አዛውንትም ማደጊያ ይጨምራሉ። ተሳሳቱ ያላቸው ሰው አልነበረም፤ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ በሚሠሩበት ፓርኪንግ ውስጥ ወሬ ሲጠፋ የሚያነሱት ይህንኑ ነበር።

እኔም አንዱ ደንበኛቸው ነበርኩ። የታላቅ ወንድሜ ጓደኛ ናቸው። ዲቪ ደርሶኝ ከመምጣቴ በፊት ለእህቴ ሰርግ ጥቁር የቆዳ ጫማ ልከውልኝ ነበር። አድርጌው ስራመድ እኔ እቀድማለሁ፣ ጫማው ይከተለኛል። ጋዜጣ ጎስጉሼበት ሙሽራዋን አጀብኩ። ከሰርጉ በኋላ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው፦ "ጋሼ፣ እግሬ ላይ የተሰፋ ነው የሚመስለው።" ምን ልበል? ሰው አስታውሶ ከአሜሪካ ጫማ ሲልክልህ ሰፋኝ አይባልም።

በፈረንጆቹ 2012 ጥር ላይ ልጃቸው ብሩክታይት አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ዝምተኛ ናት፣ ጎበዝ ተማሪ ናት፣ ግን በሄደችበት ሁሉ ትደናቀፋለች። ደረጃ ላይ ትወድቃለች፣ ምንጣፍ ላይ ትወድቃለች። ደህና የምትራመደው ቤተ ክርስቲያን ጫማዋን አውልቃ ስትገባ ብቻ ነው። ጋሽ ወንድይራድ ይህን የቦታው በረከት ነው ይሉ ነበር።

በዚያ ወር ትምህርት ቤቷ ልጆቹን ፔንሲልቫኒያ ወዳለ ተራራ፣ በስኪ በረዶ ላይ እንዲንሸራተቱ ሊወስድ ሆነ። የክፍሏ ልጆች በሙሉ ይሄዳሉ። ብሩክታይት ምንም ነገር ለምና አታውቅም፤ ይህን ግን ለመነች፣ አለቀሰችም። አባቷ የፈቃዱን ወረቀት ሳይፈርሙ ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

"ሜዳ ላይ መቆም ያቃታትን ልጅ ተራራ ላይ ልልቀቃት?" አሉኝ። "እግሯ ቢሰበርስ?"

ፈርተው ነበር። ሌላ ልጅ የላቸውም።

በመጨረሻ ለሰስ አሉ። ልክ የሆነ የስኪ ጫማ ከተገኘ ይፈርማሉ፤ ካልተገኘ ቤቷ ትቀመጣለች። ወፍራም ካልሲ አስደርገው እግሯን ወረቀት ላይ አሰመሩና ቅዳሜ ጠዋት በታክሲዬ ፎልስ ቸርች ከተማ ወዳለ የስኪ ዕቃ ሱቅ ወሰድኳቸው። ልጅቷንም ይዘናት ሄድን። እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ሆቴል ስለምትሠራ ቤት አብሯት የሚቆይ ሰው አልነበረም እንጂ፣ ለጫማው ወረቀቱ ይበቃ ነበር።

ሱቁ በአንድ ላውንድሪና በአንድ የቬትናም ምግብ ቤት መካከል ነው። ጫማ የምታስለካው ሜሪ የምትባል ስድሳ ያለፋት ሴት ናት። ወረቀቱን ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

"ይህ ምንድን ነው?"

"የልጄ እግር ነው" አሉ ጋሽ ወንድይራድ።

"ይቺስ ማን ናት?"

"ልጄ ናት።"

"እግሯን ይዛ መጥታ የለም እንዴ?" አለች ሜሪ፣ ወረቀቱን መልሳ እየሰጠቻቸው።

ጋሽ ወንድይራድ ደማቸው ፈላ። ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፣ "ሃያ ዓመት ሙሉ በወረቀት ስገዛ አንድ ሰው ኮምፕሌይን አድርጎ አያውቅም!" አሉ። እኔ በመስኮቱ የቆሙትን መኪኖች ማየት ጀመርኩ።

ሜሪ ወፍራሙን ካልሲ አስወልቃ አንድ ስስ ካልሲ ሰጠቻትና የብረት መለኪያ ላይ አቆመቻት። ከዚያ ልጅቷ አድርጋው የመጣችውን ስኒከር አንስታ ቁጥሩን አነበበች። እግሯን እንደገና ለካች።

አባትየው ግን በወረቀታቸው የለኩትን የስኪ ጫማ ይዘው መጡ። ብሩክታይት አደረገችው።

"ልክ ነው?"

"ኢትስ ፋይን፣ ዳዲ።"

"ተረከዝሽን አንሺ" አለቻት ሜሪ። ጫማው ወለሉ ላይ እንደቆመ ተረከዟ ውስጡ ተነሥቶ ተመለሰ። ሜሪ አስወልቃ ሌላ አነስ ያለ አደረገችላትና ዘለበቶቹን ቆለፈች።

"ጣቶችሽ ጫፉን ይነካሉ?"

"በትንሹ።"

"ጉልበትሽን እጠፊ። አሁንስ?"

"ወደ ኋላ ሸሹ። ተረከዜም አይነቃነቅም።"

"በቃ፣ ያንቺ ይህ ነው።"

"ጣቷ ጫፉን ነክቶ?" አሉ ጋሽ ወንድይራድ። "ማደጊያውስ?"

"ጫማው ሲሰፋ እግሯ ወዲህ፣ ስኪው ወዲያ ይሄዳል፤ ሰው የሚወድቀው ያን ጊዜ ነው" አለች ሜሪ። ከዚያ ስኒከሩን አነሳች። "ይኼም በሁለት ቁጥር ይበልጣታል። ይህን አድርጋ ሜዳ ላይም ትወድቃለች።"

ጋሽ ወንድይራድ ስኒከሩን ተቀብለው ብዙ አዩት። እሳቸው የገዙት ነው።

"ብሩክዬ፣ እውነት ነው?"

"ሁሉም ይሰፉኛል፣ ዳዲ። ኦል ኦፍ ዜም።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ስትሰጠኝ ደስ ይልሃል" አለች።

አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፊታቸውን ማየት አስጨነቀኝ። ቀና ብለው፣ "አንተስ? ያኔ ለሰርጉ የላክሁልህ?" አሉኝ።

"ልክ ነበር" የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ልጅቷ ግን ታየኛለች።

"ጋዜጣ ጎስጉሼበታለሁ፣ ጋሼ።"

"ስንት ገጽ?"

"ሙሉውን።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። የፈቃዱን ወረቀት ከኮታቸው አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ፈረሙበት። ብሩክታይት ያንን ከባድ ጫማ እንዳደረገች ሱቁን አቋርጣ መጥታ አቀፈቻቸው። ስትመጣ ዓይናቸው እግሯ ላይ ነበር። አልተደናቀፈችም።

ከዚያ ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ጫማ ክር ፈቱ።

"እኔንም ለኪኝ" አሏት ሜሪን።

ጫማውን ሲያወልቁ ከጫፉ የተጨማደዱ የፓርኪንግ ቲኬቶች ወለሉ ላይ ወደቁ።

"እኔኮ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ጫማ ሁሉ እንዲህ ነው ብዬ ነው።"