የሐሙስ ውሃ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት በማለዳ ነው፤ ተናድጄም ነው። ሸዋ ሮቢት አጠገብ፣ ቀወት ገጠር የምትኖረው ታላቅ እህቴ እትዬ ብርቄ ባሏን ጋሼ ታደሰን ከቀበረች መንፈቅ እንኳ አልሞላትም። ማሳዋ የሚጠጣው ከሮቢ ወንዝ በተጠለፈ ቦይ ነው፤ ተራዋም ሰኞና ሐሙስ ነው። ጎረቤቷ ደምሴ ታዲያ የለቅሶው ድንኳን በተነሳ ማግስት፣ «የሐሙሱን ታደሰ በሕይወት ሳለ ሰጥቶኛል» ብሎ ተነሳ። ቆላ ነው፤ በሳምንት አንዴ ብቻ የጠጣ ሽንኩርት አይደርስም። ልጆቿን የምታስተምረው ደግሞ በዚያው ሽንኩርት ነው። ሽማግሌ ሊቀመጥ ነው ስትለኝ ከጎኗ ልቆም ወጣሁ።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ቆሎ ሻጮቹ አይታዩም፤ ድምፃቸው ብቻ ይሰማል። በመስኮት የሃምሳ ብር ቆሎ ገዛሁና ከጎኔ ለተቀመጠው ሰውዬ ዘገንኩለት። የምሄድበትን ጉዳይ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«ወንድሜ፣ እውነት የሚባል ነገር የለም፤ እሷም የራሷ እውነት አላት፣ እሱም የራሱ አለው» አለኝ፣ የኔኑ ቆሎ እየቆረጠመ።

ደሜ ፈላ። ቦርሳህን ይዤ ብወርድና የኔ ነው ብልህስ አልኩት። ሳቀና፣ ያማ ሌላ ነገር ነው አለ። እንዴት ነው ሌላ የሚሆነው? የሱ ንብረት ሲሆን እውነት አለ፣ የእህቴ ሲሆን የለም! መሿለኪያውን አልፈን፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርደን ሮቢት እስክንገባ ድረስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ቀረሁ።

ሮቢት

ከመኪና ስወርድ ሙቀቱ ጃኬቴን አስወለቀኝ። ባለባጃጁ እንግዳ መሆኔን አይቶ እጥፍ ጠራብኝ፤ ለክርክር ትዕግሥት ስላልነበረኝ ከፈልኩ። ከማሾውና ከማሽላው ማሳ ወዲያ የእትዬ ብርቄ ሽንኩርት ጫፉ ቢጫ ሆኗል። ድንበርተኛው የደምሴ ማሳ ግን ለምለም ነው። እትዬ ሽሮ አቅርባልኝ እየበላን፣ ጋሼ ታደሰ ከመሞቱ በፊት «የሐሙስን ውሃ ለማንም እንዳትለቂ» እንዳላት ነገረችኝ። ይህን ስትሰማ ሌላ ሰው አጠገባቸው አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ዋርካው ሥር ከሽማግሌዎቹና ከደምሴ ጋር ተቀመጥን። ነገሩን የያዙት የውሃ አባቱ ጋሼ ሰይድ ናቸው፤ የቦዩን ተራ የሚያከፋፍሉት እሳቸው ናቸው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ያከብራቸዋል። ሁለቱንም ሰሙና፣ «እሷም ሐቅ አላት፣ እሱም ሐቅ አለው፤ ሐሙስን ለሁለት ተካፈሉ» አሉ። እዚያ አገር እንዲህ ነው፤ ሰላም ይውረድ ተብሎ እውነቱም እንደ ቅርጫ ሥጋ ይመደባል።

ቆሽቴ አረረ። ጋሼ ሰይድ፣ የሞተው ሰው ወይ ሰጥቷል ወይ አልሰጠም፣ ምኑ ነው የሚካፈለው አልኳቸው። አንዱ ሽማግሌ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለው ሊያበርዱኝ ሞከሩ። እስኪጠራ ሽንኩርቱ ይደርቃላ! እንግዲያው ይማል አልኩ።

መሐላው እንዲህ ነው፦ ሟች ሰጥቶኛል ያለ ሰው ጫማውን አውልቆ፣ እጁን የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አድርጎ፣ ዋሽቼ ከሆነ በልጆቼ ይድረስ ይላል። ከማለ ነገሩ ይዘጋል። ደምሴ አይደፍርም ብዬ ነበር። እሱ ግን ፊቱ እንደ አመድ ነጥቶ፣ እምላለሁ ብሎ ተነሳ። ጫማውን አወለቀ፤ እጁንም ወደ በሩ ዘረጋ።

«አታስምሉት» አለች እትዬ ብርቄ ብድግ ብላ። «ውሃውን ይውሰድ፤ ለቅቄለታለሁ። ልጆቹ ከልጆቼ ጋር ነው ያደጉት።»

«አበድሽ እንዴ እትዬ?» አልኳት።

«እኔ እግዜር ይሰማል ብዬ አምናለሁ። አንተ ብታምን ኖሮ ሰው ወደዚያ በር ትገፋ ነበር?»

ይህ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ደምሴ እጁን መለሰ። ጫማውን ሊያደርግ ጎንበስ አለና ተወው። በመጨረሻ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ በባዶ እግሩ ቁልቁል ወረደ።

«ሐቅስ አንድ ነው፤ ዛሬ አየነው» አሉ ጋሼ ሰይድ፣ ደምሴን ከኋላው እያዩ። እህቴ ግን በሽማግሌ ፊት በአፏ ለቅቃለችና ሐሙስ የደምሴ ሆኖ ቀረ።

ቤቴ

አዲስ አበባ የገባሁት እህቴን ሳልሰናበት ነው፤ እንዲያ ነበር የከፋኝ። ሐሙስ ማታ ግን አላስችል አለኝና ደወልኩላት። እንደነገረችኝ ውሃው ለደምሴ ተለቆለት ነበር፤ እሱ ግን ቦዩን ወደ ማሳው አልከፈተም። እሷም የለቀቅኩትን መልሼ አልነካም ብላ አልከፈተችም። ውሃው ቀኑን ሙሉ በሁለቱ ማሳ መካከል እየፈሰሰ ወደ ወንዙ ተመልሷል።

ተናድጄ ሄድኩ፣ ይኸው ተናድጄ ተመለስኩ። እውነት ምስክር ባይኖራትም እንዳለች አውቅ ነበር፤ ያላወቅሁት፣ የሚያምናት ሰው ሲገኝ ሌባም እንደሚፈራት ነው። ያ ቆሎዬን የበላው ሰውዬ ዳግመኛ ቢገጥመኝ አልከራከረውም። ቀወት ወስጄ ቦዩ ዳር አቆመውና፣ ሽንኩርት በጥም እየደረቀ ማንም የማይነካውን ያንን ውሃ አሳየዋለሁ።