ለዒድ የቀባሁት ዘንግ

«የቀለም መርጫውን ጥለኸዋል። እጅ ላይ ያለ ዕቃ ዝም ብሎ አይሞትም» አለ የሱቁ ባለቤት።

«አልጣልኩትም አልኩህ እኮ። ከወደቀ ስንጥቁን አሳየኛ» አለ ቀቢው።

«ስንጥቁ ውስጥ ነው።»

«ውስጡን አይተኸዋል?»

«ስድስቱን በር አይቻለሁ። እሱ ይበቃኛል።»

ስድስቱ የላሜራ በሮች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። የአብነት ሰፈር ደንበኛችን ነው በጠዋት ጭኖ የመለሳቸው። መሀላቸው ደህና ይመስላል፤ ጠርዛቸው ላይ ግን ቀለሙ ሳስቶ ብረቱ ይታያል።

የምሠራበት ብረታ ብረት ቤት ከእህል በረንዳ ጀርባ ነው። በር የምንቀባው በዱቄት ቀለም ነው። ማሽኑ ዱቄቱን ኤሌክትሪክ ያሸክመዋል፣ ዱቄቱ ከመርጫው ወጥቶ በተንጠለጠለው ብረት ላይ ይለጠፋል፣ ዞሮ ጀርባውን ሳይቀር ያለብሰዋል፤ ከዚያ መጋገሪያ ይገባል። ኤሌክትሪኩ ከጠፋ ዱቄቱ እንደ ጤፍ አቧራ መሬት ላይ ይቀራል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ወለል ስንጠርግ ነበር የከረምነው።

ቀቢው ሃምሳን ያለፈ የወሎ ሰው ነው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው፣ ባለቤቱም ጭምር። የዚያን ቀን ግን በሰው ፊት አንተ አለው።

ጋሼ ወደ እኔ ዞረ። «ይኼ ልጅ ይፈትሸው። መርጫው ሞቶ ከተገኘ ገዳዩ እኔ ነኝ፣ እሄዳለሁ። ካልሞተ ግን ይኼ ሰው አፉን ሞልቶ አልጣልክም ይበለኝ። ሌላ አልፈልግም።»

«ይፈትሽ» አለ ባለቤቱ።

የኤሌክትሪክ ነገር የእኔ ሥራ ነው። ማንም አላስተማረኝም። ግጥም መጻፍም ማንም አላስተማረኝም፤ ሁለቱንም ሌላ ሰው የሠራውን እየፈታሁ ነው የለመድኩት።

ከግድግዳው ጀመርኩ። በሰፈራችን ረፋድ ላይ በየሱቁ ብረት ሲበየድ መብራቱ ይደክማል፤ ቴስተሬን ሰክቼ ጠበቅኩ። ትንሽ ወረደ እንጂ ይህን ያህል የሚያጠፋ አይደለም። ቀጥሎ የመርጫውን ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳጥፍ ጋሼ የመርጫውን ምላጭ ሳበልኝ። ማሽኑ ላይ የሚታየው ቁጥር አልተንቀጠቀጠም። ክንዴን ወደ መርጫው አፍ አስጠጋሁ። ፀጉሬ ቆመ።

«አየህ» አለ ጋሼ። «ሬሳ የሰው ፀጉር አያቆምም።»

አንድ በር ሰቅለን ረጨን። ቁጥሩ ከፍ እንዳለ ነው። ከጎኑ ያለችው ትንሽ መርፌ ግን፣ በብረቱ አልፎ ወደ መሬት የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ የምታሳየው፣ ዜሮ ላይ ተኝታለች። በሩን ላወርድ ስይዘው ኤሌክትሪኩ ጣቴን ነከሰኝ።

«እኔንም ሁለት ሳምንት ነክሶኛል» አለ ጋሼ። «ስነግረው፣ አርጅተው ነው ጋሼ፣ ብሎ ሳቀ።» ይህን ብሎ ለዙህር ሶላት ወጣ።

ብቻዬን ቀረሁ። የቴስተሩን አንድ እግር ወደ መሬት በሚወርደው ሽቦ ላይ አድርጌ በሌላው በሩን ነካሁ። ዝም። በሩ የተሰቀለበትን ሜንጦ ነካሁ። ዝም። ሜንጦው የተንጠለጠለበትን ዘንግ ነካሁ። ዝም። ዘንጉን በምስማር ፋቅ አድርጌ ደግሜ ስነካው ቴስተሩ ጮኸ።

ምስማሩ ላይ የቀረውን አረንጓዴ አውቀዋለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ለዒድ ሱቁ ሁሉ ሲቀባ ባለቤቱ «ዘንጉንም አትርሳ፣ ሰው ሲገባ ዓይኑ ይረፍበት» ብሎኝ ነበር። በዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ ደራርቤ ቀባሁት። በሩ በሜንጦ፣ ሜንጦው በዘንጉ ነው መሬት የሚያገኘው፤ እኔ መሀላቸው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ቆዳ አለበስኩ። ያን ቀን ወደ ኋላ ፈቀቅ ብዬ ሥራዬን አድንቄ እንደነበርም ትዝ ይለኛል።

ቴስተሩን ኪሴ ከተትኩት።

ጋሼ ሲመለስ «ገና ነኝ፣ ነገ እጨርሳለሁ» አልኩት። ማታ ሲወጣ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «አደራህን» አለኝ። ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ አዋቂ መባሉ ጥሞኝ ነበር።

ሐሳቤ በማለዳ ገብቼ ዘንጉን በሞረድ ፍቄ፣ ማሽኑ ላይ አንድ ነገር ነክቼ ተስተካከለ ለማለት ነበር። ግማሽ ክንድ ያህል እንደፋቅኩ ባለቤቱ ገባ። «አትልፋ» አለኝ። «ሰኞ ሌላ ቀቢ ይመጣል።» ጋሼ ከኋላው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሰምቷል።

ያኔ ነው የተናገርኩት። «መርጫው ደህና ነው። ዘንጉ ተቀብቶ ነው፣ ግራውንድ አያገኝም።»

ጋሼ ዘንጉን አየ፣ ሞረዱን አየ። «መቼ አገኘኸው?»

«ትናንት።»

«ሶላት ከመሄዴ በፊት ነው ወይስ ከሄድኩ በኋላ?»

ሞረዱን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። እሱም ወደ ባለቤቱ ዞሮ «በል እንግዲህ» አለው።

«ምን ልበል? ተገኘ አይደል። ይፋቅና ሥራ ይቀጥላል፤ አዲሱን ቀቢም ቀረ እለዋለሁ።»

«አልጣልክም በለኝ።»

ባለቤቱ ስልኩን አውጥቶ ማየት ጀመረ። «ጋሼ ደግሞ፣ የልጅ ነገር አያድርጉት።»

አንቱታውን መለሰለት። የተጠየቀውን አልሰጠውም።

ጋሼ ከዚያ የአፍ መሸፈኛውን ከአንገቱ አውልቆ ዘንጉ ላይ፣ እኔ የፋቅኩት ቦታ ላይ ሰቀለው። «ያንንም ጫፍ ፋቀው» አለኝ። «የሚመጣው ሰው እንዳይነከስ።»

ወጥቶ ሄደ። ከሱቁ ትልቅ በር ላይ የተቆረጠችውን ትንሿን በር የቀባት እሱ ነው፤ ከኋላው በቀስታ ሳባት፣ መቀርቀሪያዋም ገጥማ ተዘጋች።