በረኪና የበላው እጅ

ክፍሉን ከማየቴ በፊት ሽታው ደረሰኝ። በረኪና ነበር። ወታደሩ የብረቱን በር ሲከፍተው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ውስጥ ያሉት ሴቶች ፈርቼ የማለቅስ መስሏቸው ነው መሰል፣ አንዷ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ፈርቼም ነበር። ያን ጊዜ ያስለቀሰኝ ግን በረኪናው ነው።

የያዙኝ ካርቱም፣ ጀብራ ሰፈር ካለ አንድ አነስተኛ ክሊኒክ ነው። እዚያ ወለል እወለውል ነበር። መንግሥትን በሚቃወመው ሰልፍ ሰሞን ቁስለኞች በጓሮ በር ይገቡ ነበር፤ እኔ ደሙን አጸዳለሁ። ሊፈትሹ የመጡት ሰዎች ሐኪሞቹን ሲያጡ ያገኙትን ያዙ። ያገኙት እኔን ነው። መርማሪው "ቁስለኞቹን ማን ነው የሚያመጣቸው?" እያለ ደጋግሞ ጠየቀኝ። "እኔ የማየው ወለሉን ነው" አልኩት። እውነት አልነበረም። ግን ወለል የምትወለውል ሴት ቀና ብላ ሰው ታያለች ብሎ የሚያስብ ስለሌለ አመነኝ። ያም ሆኖ አልለቀቀኝም። ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ማለት ነው፣ ስልኬንና ሽርጤ ኪስ ውስጥ የነበረውን ቢጫ የላስቲክ ጓንቴን በፌስታል ቋጥረው ቢሮ አስቀሩና ወደ ሴቶቹ ክፍል ላኩኝ።

ከክሊኒክ መምጣቴ ከእኔ ቀድሞ ተወርቷል። በሁለተኛው ቀን "ደክቶራ" ይሉኝ ጀመር፣ ሐኪሟ ማለታቸው ነው። አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ካርቱም በኖርኩበት ዘመን ሁሉ፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር ሰው ቤት ስሠራም ሆነ ክሊኒኩ ውስጥ፣ "ያ ሐበሺያ"፣ አንቺ ሐበሻ፣ ከመባል በቀር ማዕረግ አግኝቼ አላውቅም። ሹመት ያዳብር የሚለኝ ባይኖርም ሹመቱን ወደድኩት።

አሥራ አንድ ነበርን። ከመካከላችን ሃያ ሦስት ዓመት የሆናት አንዲት የሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ልጅ ነበረች። እናቷ ሐበሻ፣ አባቷ ሱዳናዊ፤ አማርኛዋ ግማሹ ዐረብኛ ነው። የያዟት ሰልፍ ላይ ነው። ወጣት ነሽ ተብሎ መጸዳጃውንና ኮሪደሩን በቀን ሁለቴ ማጠብ ተፈርዶባታል። በረኪናውን ሳታቀጥን ባልዲ ውስጥ ትገለብጥና ጨርቁን በባዶ እጇ ትዘፈዝፋለች። እጇ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ አበጠ፣ ከዚያ በየጣቷ መታጠፊያ ተሰነጠቀ። ያሳክካታል፤ ስታከው ይደማል።

አንድ ጠዋት ሴቶቹ "ደክቶራ፣ ይሄ ምንድነው?" አሉኝ። እኔ በተያዝኩበት ሰሞን ክሊኒኩ በእከክ በሽተኛ ተጨናንቆ ነበር። ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ፣ ከሩቅ አየት አደረግሁና "ጀረብ ነው" አልኩ። እከክ ማለቴ ነው። "በደንብ ትታጠብ፤ በበረኪናው።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በዚያው ቀን ምንጣፏን ገፍተው በሩ ሥር አደረሱት። ፉል ሲመጣ ሁላችንም የምንበላው ከአንድ ሰፊ ሳህን ነው፤ ለእሷ ግን በተቆረጠ ጀሪካን ቂጥ እየተቀነሰ ይሰጣት ጀመር። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትበላለች። ያዘዝኩላትንም ጠዋትና ከሰዓት ታጠበች። በአምስተኛው ቀን ዳቦ መቁረስ አቃታት።

በዚያ ቀን ሻዊሿ፣ ጠባቂያችን የነበረችው ሃምሳ አለቃ፣ በበሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት ብቅ አለች። "ጀረብ ያለባት ነገ መጋዘን ትገባለች" አለች። መጋዘኑን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ መስኮት የለውም። እዚያ የከረመች አንዲት ሴት በሁለት ሰው ተደግፋ ስትወጣ አይተናል።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። "ኻልቶ" አለችኝ፤ አክስቴ እንደማለት ነው። "መጋዘን ብቻዬን አልችልም። ወላሂ አልችልም። አንቺ ንገሪያት፣ አንቺን ትሰማለች።"

ደክሞኝ ነበር። ሙቀቱ፣ ምርመራው፣ የሰው ትንፋሽ፣ ሁሉም አድክሞኛል። ዝም ብል የሚጠይቀኝ አልነበረም፣ ዝም ማለትም አምሮኝ ነበር። ግን ንገሪያት ያለችኝ ጀረብ ነው ያልኩትን እኔን ነው።

እጇን በደንብ ያየሁት ያኔ ነው። እኩለ ቀን ላይ ከላይኛው ቀዳዳ ብርሃን ይወርዳል፤ እዚያ ወስጄ ጭኔ ላይ ዘረጋሁት። ቁስሉ ከእጇ አንጓ ትንሽ ከፍ ይልና በመቀስ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ያበቃል። ከዚያ በላይ ቆዳዋ ደህና ነው። የባልዲው ውሃ የሚደርሰው እስከዚያ ነው። የባሰው ደግሞ ቀለበቷ ሥር ነበር፣ እርጥበቱ የማይወጣበት ቦታ።

"ስትተኚ ይብስብሻል?"

"ላ። ሳጥብ ነው የሚያቃጥለኝ።"

"ሆድሽ ላይስ? ብብትሽ ውስጥ?"

"ማፊ። ምንም የለም።"

ምንጣፏ እስኪገፋ ድረስ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጎኗ የተኛችው ሲት ሻይ ነበረች፣ መንገድ ዳር ሻይ ስትሸጥ የያዟት አሮጊት። እሷን አንድም ቦታ አላሳከካትም።

ያን እጅ አውቀዋለሁ። የራሴ እጅ ነበር። ክሊኒኩ በገባሁ በሦስተኛው ወር እንዲሁ ሆኜ፣ የቆዳ ሐኪሟ ጠርታ አይታኛለች። "ይህ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የውሃና የበረኪና ሥራ ነው" አለችኝ። "ቀለበትሽን አውልቂ፣ በረኪናውን አቅጥኚ፣ ጓንት አድርጊ፣ ከጓንቱ ሥር የጥጥ ጨርቅ። ከታጠብሽ በኋላ አድርቀሽ ቫዝሊን ተቀቢ።" ቢጫውን ጓንት የሰጠችኝም እሷ ናት። ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው፣ ደክቶራ ስባል ጊዜ ረሳሁት። አፈርኩ። አሁን ስጽፈውም አፍራለሁ።

በሩን መታሁ። ሻዊሿ መጣች።

"ተሳስቻለሁ" አልኳት። "ጀረብ አይደለም። በረኪናው ነው እጇን የበላው። ማንንም አይዝም።"

"ጀረብ ነው ያልሽውም አንቺ፣ አይደለም የምትዪውም አንቺ። የትኛዋን ልመን?"

ከኋላዬ አንዷ "የአገሯ ልጅ ስለሆነች ነው" ስትል ሰማሁ።

ፉሉ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ሳህኑ እንደተቀመጠ የልጅቷን ክንድ ይዤ አጠገቡ አስቀመጥኳት። የሁሉም እጅ ተሰበሰበ። ሻዊሿ መስኮቷን አልዘጋችም።

"አጉርሺኝ" አልኳት።

"ኢንቲ መጅኑና?" አለች። አብደሻል እንዴ ማለቷ ነው።

"እናትሽ አታጎርስሽም ነበር?"

"ታጎርሰኛለች።"

"እንግዲያው ያላ።"

ዳቦውን ለመቁረስ ታገለች። ማንም አላገዛትም፤ እኔም አላገዝኳትም። ፉሉ ጨው አለው፣ ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ ከንፈሯን ነከሰች። አጎረሰችኝ። ጣቷ ይሻክራል፣ ጉርሻው ደም ደም ይላል። ዋጥኩት።

"አንድ ያጣላል" ብያት አፌን እንደከፈትኩ ጠበቅኋት። ይህችን ከእናቷ ሰምታት ኖሯል፣ ሳቀች። ስትስቅ ሳያት ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። ሁለተኛውንም አጎረሰችኝ።

ሲት ሻይ ምንጣፏን እየጎተተች መጥታ ከልጅቷ ጎን ተቀመጠችና እጇን ሳህኑ ውስጥ ከተተች። "ሦስት ሳምንት አብሬያት ተኝቻለሁ" አለች። "የሚይዘኝ ቢሆን እስካሁን በያዘኝ።" ሌሎቹም አንድ አንድ እያሉ ቀረቡ። ሁሉም ግን አልቀረቡም።

"ሦስት ቀን" አለች ሻዊሿ። "በሦስት ቀን ውስጥ አንቺንም ካሳከከሽ ሁለታችሁንም መጋዘን አስገባችኋለሁ።" እከክ ለመውጣት ሳምንታት እንደሚፈጅ አውቅ ነበር። አልነገርኳትም።

ጓንቴን ከቢሮ እንድታመጣልኝ ለመንኳት። "ልትታነቂበት ነው?" ብላኝ ሄደች፤ ከሰዓት በኋላ ግን በመስኮቷ ወርውራልኝ አለፈች። ነጩን የጥጥ ሻሼን ለሁለት ቀደድኩት። ግማሹን ከጓንቱ ሥር አደረግሁና መጸዳጃውን እኔ ማጠብ ጀመርኩ፤ በረኪናውንም ለአንድ ባልዲ ውሃ በክዳን እየለካሁ። ሲት ሻይ ለተረከዟ ብላ የደበቀቻትን ቫዝሊን አወጣች። ቀለበቱን በቫዝሊን አሟልጨን አወለቅነው። ልጅቷ በንጹህ ውሃ እየታጠበች፣ እያደረቀች፣ እየተቀባች፣ በቀረው ሻሽ እጇን ጠቅልላ ተቀመጠች። ሥራ መፍታት ከበደኝ እያለች ታማርር ነበር። በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ፣ ዳቦዋንም ራሷ ቆረሰች።

በዚያው ቀን ቀትር ላይ፣ ሌሎቹ ሸለብ ባደረጋቸው ሰዓት፣ ሻዊሿ መጣች። በመስኮቷ ያስገባችው ግን ፊቷን አልነበረም፣ ሁለት እጆቿን ነው። ቀልተዋል፣ ተሰነጣጥቀዋል፣ ጥፍሮቿ ሥር ቆስለዋል።

"የአለቆቹን ልብስ የማጥበው እኔ ነኝ" አለች ቀስ ብላ። "ያ ደክቶራ፣ ይሄስ?"

ልጅቷን መጋዘን ልትከታት የነበረች ሴት ናት። ቂም አልያዝኩም ብል ውሸት ይሆናል።

"ደክቶራ አይደለሁም" አልኳት። "ወለል ወልዋይ ነኝ። እዚህ ጨለማ ነው፣ በብርሃን ካላየሁት ምንም አልልሽም።"

ከዚያ ቁልፏ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ፤ በሩን ከፈተችው። ደጃፉ ላይ ቆመን እጆቿን እንደ ልጅቷ እጆች አገላብጬ አየሁላት፣ የቆዳ ሐኪሟ ያለችኝንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለቀቁኝ። ጓንቱን ለልጅቷ ተውኩላት። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ሰው ሁሉ እግሩ ወደመራው ተበተነ። እኔም ሸሽቼ ወጥቼ ወደ ካርቱም ተመለስኩ። ዛሬ ሐጅ ዩሱፍ፣ ገበያው አጠገብ ባለች የሐበሻ ምግብ ቤት ሳህን አጥባለሁ። ሰፈሩን የመረጥኩት ምናልባት ባገኛት ብዬ ነው። እስካሁን አላገኘኋትም።

ባለፈው ሳምንት አዲስ የተቀጠረች ሴት እጇ ቆስሎ መጣች። የምግብ ቤቱ ባለቤት ወደ ጓዳ ጠራችኝና "እትዬ፣ እርስዎ ክሊኒክ ነበሩ። እከክ ነው እንዴ? ለብቻዋ ትብላ?" አለችኝ።

እጄን በሽርጤ አደረቅሁ።

"አላውቅም" አልኳት። "በቀን ብርሃን ልየው። እስካየው ድረስ ከእኔ ሳህን ትብላ።"