ቁልቁለት ላይ የሚወረድላት መኪና

ኮረብታው በካርታ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። ከሩቅ ሲያዩት ጀርባው የጎበጠ ሰው ስለሚመስል እኛ «ጎባጣው» እንለው ነበር። የሚያወጣው መንገድ አንድ ነው፤ የሚያወርደውም ያው ነው። በአንድ በኩል የተቆረጠ አፈር፣ በሌላው በኩል ገደል፤ መሐል ላይ ደግሞ መኪና በአንድ ጊዜ የማይዞረው እጥፋት አለ። እዚያ እጥፋት ላይ የሆነውን በአዘና ከተማና በአካባቢው ብዙ ሰው በየራሱ መንገድ ሲያወራው ሰምቻለሁ። እኔ እዚያ ነበርኩ። ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ያላየሁትን አላየሁም እላለሁ።

ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ይበልጣል የሚባለው የአዘና ልጅ መኪና ላይ ተሳፍሮ ከነበረ ለምን በእግሩ ወረደ? ማንም ቢጠይቅ መመለስ ይቻላል። ጠያቂው አባቱ ሲሆኑ ግን ከባድ ነው። ፈንታም ለዓመታት ሲሸሽ የኖረው ይህችን ጥያቄ ነበር።

ፈንታ የጂፗ ሾፌር ነው። የተወለደው ዘንገና ሐይቅ አጠገብ፣ ፈረስ ካለው ቤት ነው። ጂፗ ሎንግቤዝ የሚሏት፣ ኋላዋ ረጅም የሆነ ናት፤ በዕድሜ ከሁለታችንም ብዙም አታንስም። በእንጅባራ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ሆና የዘር ድንችና ማዳበሪያ ስታመላልስ ነው ያረጀችው። ፈንታ ሲነዳት በአዊኛ ያናግራታል። አንድ ቀን ምን እያላት እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ደሴ የሚባለው ሜካኒክ የሚልሽን አትስሚ፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ ነው ያልኳት» አለኝ።

ደሴ እኔ ነኝ። በወጣትነቴ ወታደር ነበርኩ፤ ከተሰናበትኩ በኋላ ቆሰበር፣ እዚያው እንጅባራ፣ ጋራዥ ውስጥ እሠራ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ የቀድሞ ወታደሮች ተጠራን። መኪናዋም ተጠራች። የደረሰን ትእዛዝ አጭር ነው፤ ቁስለኛ ማንሳት እንድትችል ሆና ተሠርታ፣ ከነሾፌሯና ከነሜካኒኳ ትቅረብ።

የኋላ ወንበሮቿን ፈታን። ቃሬዛ በሁለት ደርብ የሚይዝ የብረት አልጋ በየድንላት፤ አራት ሰው ያስተኛል። ብረቱ ከባድ ስለሆነ የኋላው ባሌስትራ፣ ጭነቱን የሚሸከመው የብረት ሞላ፣ አልቻለም። ከወደቀ የጭነት መኪና ላይ ተጨማሪ ባሌስትራ አውጥተን ደረብንላት። ቂጧ ወደ ላይ ተነሳ። ፈንታ ራቅ ብሎ ቆሞ አያትና፣ «ኮርማ አደረግሃት» ብሎ ሳቀ።

ጉዳቱን ያየሁት ከሥሯ ስገባ ነው። የኋላው አካል ከፍ ሲል፣ ከሻንሲው ወደ ኋላ ጎማዎች የሚወርደው የፍሬን ቱቦ አጥሯል። እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። ጎማዋ ጉድጓድ ውስጥ ብትገባ ይበጠሳል። ረጅም ቱቦ ፍለጋ ዳንግላ ድረስ ሄድን። የመለዋወጫ ነጋዴው ሰይድ መደርደሪያውን ሁሉ አገላብጦ ራሱን ነቀነቀ።

«የዚችን ዕቃ ከፈለጋችሁ ሙዚየም ሂዱ» አለ።

«እኛ የምንሄደው ሌላ ቦታ ነው» አለው ፈንታ።

ሰይድ ሳቁን ተወ። ወደ ጓሮ ገብቶ ሁለት አጫጭር ቱቦዎችና አንድ መገጣጠሚያ ይዞ ወጣ። «ቀጥሏቸው። ግን አትጨክኑባት፤ የተቀጠለ ነገር ነው» አለ። ቀጠልናቸው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ከቆሰበር ወጣን።

ግንባር ስደርስ የሥራዬ ግማሽ ያ መገጣጠሚያ ሆነ። በቆምን ቁጥር በጀርባዬ ከሥሯ እገባና ጣቴን አስነካዋለሁ። ጣቴ ደረቅ ከወጣ እንሄዳለን። እርጥብ ከሆነ አጥብቄ፣ ዘይት ጨምሬ፣ እንሄዳለን። ያው መሄዳችን አይቀርም። ሌላ መኪና አልነበረም። ወደ ጎባጣው ውኃና ጥይት ይዘን እንወጣለን፤ ቁስለኛ ይዘን እንወርዳለን። ስለ ከባድ መሣሪያ ድምፅ ሰው ይጠይቀኛል። እኔ ትዝ የሚለኝ ፈንታ ፍሬን ሲረግጥ ከሥር የምሰማው ሲጥ የሚል ድምፅ ነው። እንቅልፍ ላይ ሆኜ እንኳ እሰማው ነበር።

ስለ አገራችን አንድ ልማድ እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። እኛ ዘንድ ፈረስ የያዘ ሰው ቁልቁለት አናት ላይ ሲደርስ ይወርዳል። ልጓሙን ይዞ ከፊት ከፊት ይመራል እንጂ ተቀምጦ አይወርድም። ተቀምጦ የወረደን ሰው የሚያየው ሁሉ ይሰድበዋል። ፈንታ ይህን ልማድ ጂፗ ላይ አምጥቶት ነበር። በሰላሙ ጊዜም ቁልቁለት ሲገጥመው ያቆማትና የተሳፈረውን ሁሉ ያወርዳል። የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያዎች ሲያጉረመርሙበት ኖረዋል።

ያን ቀን ጧት ጎባጣው በጉም ተሸፍኖ ነበር። ጉም ለእኛ መከታ ነው፤ ጉም እያለ ከማዶ አያዩንም። ወጣን። ውኃውን አራገፍን። አራት ሰው አስተኛን። እጃቸውንና ትከሻቸውን የተመቱ፣ መቀመጥ የሚችሉ አምስት ሰዎች ደግሞ በቃሬዛዎቹ መሐልና በኋላ በሩ ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ከአምስቱ አንዱ ይበልጣል ነበር፤ የአዘና ልጅ፣ ግራ እጁን የተመታ። ከሥሯ ገብቼ መገጣጠሚያውን ነካሁት። ጣቴ እርጥብ ወጣ። አጥብቄ ወጣሁና ለፈንታ አሳየሁት። ጣቴን አየና መሪው ላይ ተቀመጠ።

ቁልቁለቱ አናት ላይ ሲደርስ አቆማት።

«መራመድ የምትችሉ ውረዱ» አለ። «ጥጉን ይዛችሁ ቀድማችሁ ሂዱ። እጥፋቱን አልፋችሁ ጠብቁኝ። እኔ ከኋላ ቀስ ብዬ እመጣለሁ።»

መቶ አለቃችን ከምሽጉ በኩል እየሮጠ መጣ። «ምን ሆነህ ነው የቆምከው? ጉሙ እኮ ሊነሳ ነው!»

«ከብዷታል፣ መቶ አለቃ።»

«ቁስለኛ ታስኬዳለህ? በቅሎ መሰለችህ?»

«በቅሎ ብትሆንማ ባልፈራሁ።»

መቶ አለቃው መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ይበልጣል ወርዶ ነበር። መጀመሪያ የወረደው እርሱ ነው። በደህና እጁ የኋላውን በር ይዞ ሌሎቹን ይጠራቸዋል።

«ውረዱ እንጂ! የእኛ አገር ሰው ቁልቁለት ላይ ተቀምጦ አይወርድም።»

«ያንተ አገር ሰው እጁን ነው የተመታው፤ እኔ ትከሻዬን ነው» አለው አንዱ።

«በትከሻህ ነው እንዴ የምትራመደው?»

ሳቁ። አምስቱም ወረዱ። መቶ አለቃው ወደ ሰማይ አየና እጁን አወናጨፈ፤ ሂዱ ማለቱ ነው። ጥጉን ይዘው ወረዱ፤ ጉሙ ውስጥ ገብተው ከዓይኔ ጠፉ።

ፈንታ ከባዱን ማርሽ አስገብቶ ለቀቃት። እኔ የእንጨት ታኮ ይዤ ከኋላ ጎማው አጠገብ እራመዳለሁ፤ አልሆን ካለ ጎማው ሥር የምወረውረው ነው። ከተኙት አንዱ ድንጋይ በመታን ቁጥር «ቀስ፣ ወንድሜ፣ ቀስ» ይላል። ጉሙ እየሳሳ ሄደ። መጀመሪያ ገደሉ ታየኝ። ቀጥሎ ከገደሉ ማዶ ያለው ሜዳ ታየኝ።

እጥፋቱ ላይ ስንደርስ የግራ ጎማዋ ቦይ ውስጥ ገባ። ከሥር ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የፍሬን ዘይት እግሬ ላይ ተረጨ።

«የለም!» አለ ፈንታ። ፍሬኑን ማለቱ ነው።

መሪውን ወደ አፈሩ ጠመዘዘው። አፍንጫዋ ከተቆረጠው አፈር ጋር ተፋጨ፤ ኋላዋ ወደ ገደሉ ሄደ። ታኮዬን ወረወርኩ። ጎማው ታኮው ላይ ወጣ፣ ተመለሰ፣ ቆመ። ከጎማው እስከ ገደሉ አንድ ሰው ሊተኛበት የሚችል ቦታ አልነበረም።

ፈንታ መሪውን እንደያዘ «ሌላ ድንጋይ ጨምር» አለኝ። ድንጋይ ይዤ ስዞር ከእጥፋቱ በታች የመጀመሪያው ሞርታር ወደቀ። ቀጥሎ ሁለተኛው። ጉሙ ከእኛ በታች ሙሉ በሙሉ ተነስቶ ነበር። እኛን አፈሩ ይከልለናል። አምስቱ ግን ገላጣ ሜዳ ላይ ናቸው፤ እጥፋቱን አልፈው እየጠበቁን ነበር።

ሮጬ ወረድኩ። ይበልጣልና ሌሎች ሁለት ሰዎች ሞተዋል። ሁለቱ በሕይወት አሉ። ይበልጣል በጀርባው ወድቋል፤ ፊቱ አልተነካም። የሟቾቹን ሬሳ ወደ ጥጉ ስበን ሸፈንን። የተረፉት ሁለቱ ጥጉን ተደግፈው በእግራቸው ቀጠሉ። ፈንታ ጂፗን ያለ ፍሬን፣ በማርሽ ብቻ፣ አፍንጫዋን በየጊዜው ከአፈሩ እያጋጨ አወረዳት። አራቱም የተኙት በሕይወት ሐኪም ዘንድ ደረሱ። አንደኛው፣ «ቀስ፣ ወንድሜ» ይል የነበረው፣ በማግስቱ ጧት አረፈ።

ማታ መቶ አለቃው መጣ። «ማን ነው ያወረዳቸው?» አለ። ያውቃል፤ ግን ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አለ ፈንታ።

የተበጠሰውን ቱቦ ፈትቼ ሰጠሁት። መቶ አለቃው በእጁ አገላበጠው፤ የተላቀቀውን መገጣጠሚያ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ መልሶ ሰጠኝና ሄደ።

አምስቱ መኪናዋ ላይ ቢቀሩ ኖሮ ጂፗ እጥፋቱ ላይ ትቆም ነበር? አላውቅም። ክብደቱን ሳስበው የምትቆም አይመስለኝም፤ ዘጠኙም ገደል በገቡ ነበር። ይህ ግምት ነው። ሦስቱ ሜዳ ላይ መሞታቸው ግን ግምት አይደለም። ፈንታ የሚያየው ይህንኛውን ነው። «እኔ ባላወርዳቸው» ብሎ ይጀምራል፤ ጨርሶት አያውቅም።

ጦርነቱ አልቆ ተመለስን። መሥሪያ ቤቱ ጂፗን በጨረታ ሲሸጣት ሁለታችን ተጋርተን ገዛናት። ዛሬ ከዘንገና በኩል ሰውና ድንች ወደ ቆሰበር ገበያ ታመላልሳለች። የፊት በሯ እጀታ ስለተሰበረ ከውስጥ የሚከፈተው በገመድ ነው። ራዲያተሯ በየአቀበቱ ውኃ ይጠጣል። ፍሬኗ ግን ደህና ነው፤ ልኳ የሆነ ረጅም ቱቦ ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ገጥሜላታለሁ። ፈንታ ይህን ያውቃል። ቢሆንም ቁልቁለት ሲደርስ ያቆማታል። ተሳፋሪው ይነጫነጫል፤ «ለመሳፈር ነው የከፈልነው ወይስ እሷን ለመሸኘት?» ይሉታል። የባጃጅ ልጆች በአጠገባችን ሲያልፉ ጡሩምባ ይነፉበታል። ሳያወርዳቸው መሄድ ግን አይሆንለትም። የይበልጣል አገር ወደሆነችው አዘና ደግሞ አይሄድም። ማንም ቢለምነው አይሄድም ነበር።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ የአዘና መንገድ መኪና አጣ። የዘር ድንች ወደዚያ የሚያደርስ ጠፋ። የአዘና ገበሬዎች ወደ እኔ መጡ፤ እኔ ወደ ፈንታ ሄድኩ። ሌሊቱን አስቦ ጧት ቁልፉን ይዞ መጣ። ዘሩን አራግፈን ስንመለስ ከከተማው መውጫ ላይ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን አነሱ። የይበልጣል አባት፣ አያ ቸኮል ናቸው። ሐዘን ልደርስ ሄጄ አይቻቸው ነበር፤ ፈንታ ያን ጊዜ አልመጣም።

አቆመ። ከጎኑ አስቀመጥኳቸውና እኔ ከኋላ ገባሁ፤ ያ የቃሬዛ ብረት አሁንም አለ፣ እርሱን ያዝኩ።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉት ትንሽ እንደሄድን።

ነገራቸው። ድምፁ ከሞተሩ በላይ አልወጣም።

«መኪናዋ ያቺው ናት?»

«አዎ አያ። ያቺው ናት።»

ዘወር ብለው ብረቱን አዩት። እኔ የፈንታን አንገት ከኋላ አያለሁ፤ ላብ አጥምቆታል። መንገዱ ወደ ቁልቁለት ደረሰ። አቆመ። «ውረዱ» የምትለውን ቃል ማውጣት አልቻለም። ሞተሩ ይጮኻል። ላወርዳቸው ብዬ ስነሳ ሽማግሌው በሩን ሲዳብሱ አየሁ። እጀታ ፈለጉ፣ አጡት፣ ገመዱን አገኙት። ሳቡት። ዱላቸውን መጀመሪያ አወረዱ፣ ቀጥሎ እግራቸውን።

«ቁልቁለት አይደል?» አሉ፤ የበሩን ጠርዝ እንደያዙ ፈንታን አዩት። «ልጄን ውረድ ብለኸው ነው የወረደው?»

«ብያለሁ፣ አያ። ግን ከሁሉም ቀድሞ የወረደ እርሱ ነው። ሌሎቹን ውረዱ የሚልም እርሱ ነበር።»

«ምን እያለ?»

«የእኛ አገር ሰው ቁልቁለት ላይ ተቀምጦ አይወርድም እያለ።»

ሽማግሌው ዱላቸውን አስተካከሉ። «እሱ እንኳ እውነቱን ነው» አሉ። በሩን ገፋ አድርገው ዘጉትና ጥጉን ይዘው ከፊት ከፊት ወረዱ።

ያን ጧት ከጎባጣው የተሳፈሩት ዘጠኝ ነበሩ። ሦስቱ ከእጥፋቱ በታች፣ አንዱ በማግስቱ፤ በድምሩ አራቱ የሉም። አምስቱ አሉ፤ ሁለቱን ገበያ ላይ አገኛቸዋለሁ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለኝም።

አያ ቸኮል ታች ደርሰው ወደ እኛ ዞር እስኪሉ ድረስ ፈንታ እግሩን ከፍሬኑ ላይ አላነሳም። ወርጄ ከሥሯ ገባሁና ቱቦውን ነካሁት። ጣቴ ደረቅ ወጣ።

«ልቀቃት» አልኩት።