የቦራ ትንፋሽ

ይህን ሙሉውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ በየዓመቱ ስለ ጾም መግደፌና ስለ ቁጣዬ ተናዝዤ እመለሳለሁ፣ ይህቺኛዋን ግን ጉሮሮዬ ላይ እንዳለች ይዣት እወጣለሁ። አንዴ «አባ፣ አንዲት ላም ነበረች» ብዬ ጀምሬ ነበር። «ሰርቀህ ነው?» አሉኝ። «አይ፣ አልሰረቅኩም» አልኳቸው። እፎይ ብለው ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ፤ እኔም አብሬያቸው አለፍኩ። ሰርቄ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የተሰረቀች ላም ቢያንስ ትመለስ ይሆናል።

እርስዎ ግን አያውቁኝም፣ እኔም አላውቅዎትም፤ ስለዚህ ለእርስዎ ልናገር። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። መዳን የምትችል ላም፣ መዳን እንደምትችል እያወቅኩ፣ አስገድያለሁ። ከዚያም ስለ እሷ ውሸት ጻፍኩ። ላሟ ከተቀበረች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ውሸቱ ግን አልተቀበረም።

ነገሩ የሆነው በኢሕአዴግ ጊዜ ነው፤ ኢንተርኔት ካፌ ገብተን በደቂቃ እየከፈልን ኢሜይል የምናይበት ዘመን። አዲስ አበባ ዳር፣ ካራ አካባቢ በአንድ የእንስሳት ክሊኒክ እሠራ ነበር። ክሊኒክ ይባል እንጂ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ማይክሮስኮፕ ነበረን፤ አምፖሉ ተቃጥሎ በደብዳቤ ጠይቀን፣ ደብዳቤው ጠፍቶ፣ ስለ ጠፋው ደብዳቤ ሌላ ደብዳቤ ጽፈን ነበር። መድኃኒት ሲኖር መርፌ የለም፤ መርፌ ሲኖር መድኃኒት የለም። የማይጠፋው ግምገማ ብቻ ነበር። ይህን የምለው ሰበብ ለመፈለግ እንዳይመስልዎት። በዚያ ቀን የሚያስፈልገኝ ነገር ሁሉ በቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ከዩኒቨርሲቲ ስንመረቅ በየአገሩ ተበትነን ነበር፤ አንዱ ጂንካ፣ አንዱ መተማ፣ አንዱ ደገሃቡር። ብቻውን የቆመ ሐኪም መከራውን የሚያውቀው ራሱ ነው። መጽሐፍ የለም፣ የሚያማክረው ሰው የለም፣ ባለ ከብቱ ግን ፊቱ ቆሞ «ዶክተር፣ ምንድን ነው?» ይለዋል። ስለዚህ በኢሜይል የምንገናኝበት ቡድን መሠረትን። አንዱ የቸገረውን ይጽፋል፣ ሌላው የሚያውቀውን ይመልሳል፤ ውጭ አገር ያሉት መጽሐፍ ይልኩልናል። እኔ መገናኛ አጠገብ ካለች ካፌ ተቀምጬ አንድ ገጽ እስኪከፈት ጥፍሬን እበላለሁ፤ ሊከፈት ሲል መብራት ይጠፋል። ያም ሆኖ ያ ቡድን ስንቱን ከብት አድኗል! አስተባባሪው እኔ ነበርኩ። ከደንቦቻችን ሁሉ የሚበልጠው አንድ ነበር፤ ምክር የተቀበለ ሰው መጨረሻውን ይጻፍ። ዳነች ወይም ሞተች ይበል፤ ለሚቀጥለው ሰው። ያንን ደንብ ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። እኔው፣ በገዛ እጄ።

ገነት የምትባል ልጅ በዚያ ቡድን ውስጥ ነበረች። ዶክተር አይደለችም፤ ባለ ዲፕሎማ የእንስሳት ጤና ረዳት ናት፣ ያኔ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ባለች ወረዳ ትሠራ ነበር። ትግባ አትግባ ብለን ስንት ተከራክረናል። «ነገ ደግሞ እረኛውም ልግባ ይላል» ያለ ነበር። ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ ደግ መስዬ ለመታየት። እኛ በእንግሊዝኛ ስንራቀቅ እሷ አማርኛዋን በላቲን ፊደል እየጻፈች አልፎ አልፎ ትጠይቅ ነበር። መልስ ስትሰጥ አይቼ አላውቅም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ።

ወይዘሮ አስካለ የሚኖሩት ከካራ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ሥር፣ ባሕር ዛፉ በሚጀምርበት ቦታ ነው። ባለቤታቸው የአንድ ጸሎት ቤት ጥበቃ ነበሩ፤ ቤቱን ቀጥ አድርጋ ያቆመችው ግን ቦራ ናት። ቦራ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት የፈረንጅ ዲቃላ ላም ነበረች። ከወለደች ወር አልሞላትም፣ ወተቷ እንደ ጉድ ይወርዳል፣ መኖ ስለተወደደ የምትበላው ግን ገለባ ብቻ ነበር። አንድ ጠዋት ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን በትክክል ሳይለብሱ ክሊኒኩ በር ላይ ደረሱ።

«ዶክተር፣ ቦራዬ አበደችብኝ!»

ሄድኩ። ላሟ ግድግዳ ትልሳለች፣ የታሰረችበትን ገመድ ታኝካለች፣ ታገሳለች፣ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ የቀረባትን ልትወጋ ትንደረደራለች። ጎረቤቱ ሁሉ ግቢውን ሞልቶታል። በዚያው ሳምንት ከእንጦጦ የወረደ ባለቤት አልባ ውሻ መንደሩን ሲያምስ እንደነበረ ነገሩኝ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ከአጥሩ በር ላይ እንደቆምኩ፣ አንድ እርምጃ ሳልቀርባት፣ «የእብድ ውሻ በሽታ ነው» አልኩ። ወተቷን የጠጣ ሁሉ ክትባት ይጀምር፣ ላሟም ነገ ትገደል ብዬ አዘዝኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። በነጋታው ግን ላርመው እችል ነበር፤ በአንዲት ቃል እችል ነበር።

ከሰዓት በኋላ መገናኛ ወርጄ ለቡድኑ ጻፍኩ። ለመጠየቅ አልነበረም፤ ለመታየት ነበር። ምልክቶቹን ዘርዝሬ፣ «የማያሻማ» ብዬ፣ በእንግሊዝኛ አሳምሬ ላክሁት። በነጋታው ማለዳ ወደ ወይዘሮ አስካለ ቤት ከመሄዴ በፊት ሙገሳዬን ላነብብ ካፌ ገባሁ። ሦስት «ጎበዝ ዶክተር» አገኘሁ። ከሥር የገነት መልእክት ነበር። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ልርሳው ብልም አልረሳውም።

«ዶክተር ይቅርታ፣ ከእርስዎ በላይ አላውቅም። ግን ከመገደሏ በፊት እስቲ ትንፋሿን ያሽትቱት። የበሰበሰ ፍራፍሬ ዓይነት የሚጣፍጥ ሽታ ካለው ኬቶሲስ ሊሆን ይችላል። የእናቴ ላም እንደዚሁ ሆና ሰው ሁሉ አብዳለች ብሎ ነበር። ግሉኮስ በደም ሥሯ ሲሰጣት በዚያው ቀን መለስ አለች። ሞክረው ባይሆን እንኳ የሚጎዳት የለም።»

ኬቶሲስ! ወተቷ የበዛ፣ መኖዋ ያነሰ ላም በደሟ ያለው ስኳር ሲያንስ የምትታመመው በሽታ ነው፤ አንዳንዴ አእምሮዋን ያዛባና ያበደች ያስመስላታል። ተምሬዋለሁ። ተፈትኜበታለሁ። ሳነበው ጆሮዬ ጋለ። ያበገነኝ መሳሳቴ ነበር? አይደለም። የነገረችኝ እሷ መሆኗ ነበር። ባለ ዲፕሎማ፣ በላቲን ፊደል አማርኛ፣ ያ ሁሉ ዶክተር በሚያነበው ገጽ ላይ!

ይህን ግን ልብ ይበሉልኝ፤ ክሊኒክ ገብቼ ሁለት ጠርሙስ ግሉኮስ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። ስለዚህ አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም።

ስደርስ ግቢው ከትናንቱ ብሶ ጢም ብሏል። አለቃዬ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ቆሟል። የቀበሌው ታጣቂ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ይጠብቀኛል። ቦራ ከባሕር ዛፍ ግንድ ጋር ታስራ ደክሟት ተኝታ ነበር። ጓንት አጥልቄ «ለመጨረሻ ጊዜ ልያት» ብዬ ብቻዬን ተጠጋሁ። ጎንበስ አልኩ። ተነፈሰች። ሸተተኝ። የበሰበሰ ሙዝ የሚመስል፣ የሚጣፍጥ፣ የማይሳት ሽታ። ደገምኩት። ሸተተኝ። ግሉኮሱ እግሬ ሥር ነው። ላሟ በሕይወት አለች። እኔ አውቃለሁ። ምን ቀረኝ?

ቀና ስል የወይዘሮ አስካለን ልጆች አየኋቸው። ሦስቱም ትናንት የመጀመሪያውን መርፌ ተወግተዋል። ያኔ ክትባቱ በየቀኑ፣ ለሁለት ሳምንት፣ ሆድ ላይ የሚሰጥ ነበር። ትንሿ ልጃቸው ሕይወት ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ታየኛለች። ላሟ ተነስታ ገለባ መብላት ብትጀምር ይህ ሁሉ ሕዝብ ምን ይለኛል? አለቃዬ በግምገማው ምን ብሎ ያነሳኛል? ቡድኑስ? ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩ። በቃ፣ ይኸው ነው ምክንያቱ። ከዚህ የጠለቀ ምክንያት ስንት ዓመት ፈለግኩለት፤ የለውም።

ወይዘሮ አስካለ ወደ እኔ መጡ። አላለቀሱም። በጣም ቀስ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማ፣ «ዶክተር፣ ምንም የሚደረግላት ነገር የለም? አንድ መርፌ እንኳ?» አሉኝ።

«የለም» አልኳቸው። የቦርሳዬን ዚፕ ዘጋሁት።

ታጣቂው «የት ልበላት?» ብሎ ጠየቀኝ። በእብድ ውሻ በሽታ የተጠረጠረ እንስሳ ጭንቅላቱ አይነካም፤ ምርመራው የሚሠራው ከአንጎሉ ነውና። ይህን ተማሪም ያውቀዋል። እኔ ግን «ግንባሯን» አልኩት። ነጩ ላይ አላት። ማንም የሚመረምረው ነገር እንዳይተርፍ ጉድጓዱን አስጠልቄ፣ ኖራ አስነስንሼ አስቀበርኳት። ጥጃዋ ስትጮህ ዋለች። አለቃዬ «ፈጣን ምላሽ» ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈልኝ።

እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበር? ዝም ማለት እችል ነበር። ግን ደንብ አለ፤ መጨረሻውን ይጻፍ የሚል፣ የእኔው ደንብ። ሁሉም ይጠብቀኛል። ካፌ ገብቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ትንፋሿን አሽትቻለሁ፣ ምንም የተለየ ሽታ የለውም። ለጥንቃቄ ያህል ሁለት ጠርሙስ ግሉኮስ በደም ሥር ሰጥቻለሁ፤ ምንም ለውጥ አላሳየችም። ላሟ ተገድላለች።» ከዚያም በገነት ላይ ወረዱባት። አንዱ «በእናት ላም ታሪክ ሕክምና አይሠራም» ሲል ሌሎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ አላስቆምኳቸውምም። በሁለተኛው ቀን «ዶክተር፣ ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብላ ጽፋ ከቡድኑ ወጣች። ይቅርታ ጠየቀችኝ! እሷ፣ እኔን!

ልጆቹ መርፌውን እስከ መጨረሻው ተወጉ። በሰፈሩ ባለፍኩ ቁጥር ሕይወት ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ትደበቅ ነበር። ወይዘሮ አስካለ ላም መልሰው አልገዙም፤ ከእንጦጦ ጭራሮ እየተሸከሙ መሸጥ ጀመሩ። አንድ ቀን ቁልቁለቱ ላይ ሸክማቸው ሥር ጎብጠው ተገናኘን። «ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ልጆቼን አተረፉልኝ» አሉኝ። መንገድ ለወጥኩ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ አላልፍም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዤ ኖሬ ሳለሁ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሾላ ገበያ በርበሬ ልገዛ ገብቼ አንዲት ሴት «ዶክተር!» ብላ ጠራችኝ። በስም እንጂ በመልክ አላውቃትም ነበር፤ እሷ ግን አንድ ስልጠና ላይ ከሩቅ አይታኝ ኖሯል። ገነት ናት። ወደ አዲስ አበባ ተዛውራ የእንጦጦን ገበሬዎች ከብት በእግሯ እየዞረች ታክማለች። ቂም ጠበቅኩ። ፊቷ ላይ የነበረው ግን አክብሮት ነው።

«ያኔ ጥሩ ትምህርት ሰጥተውኛል» አለችኝ። «ልጅነት ነበር። ካየሁት አንድ ነገር ተነስቼ እኮ ነው ያን ያህል የደፈርኩት። ከዚያ ወዲህ እንደዚያች ዓይነት ሁለት ላሞች አጋጥመውኝ ነበር።»

«እህስ?» አልኳት።

«ሽታው ነበራቸው። እኔ ግን እርስዎ የጻፉት ትዝ አለኝና አፍንጫዬን አላመንኩትም። ግሉኮስ ለምን ላባክን አልኩ፤ ሁለቱንም አስገደልኳቸው።»

ሰው በመካከላችን እየተጋፋ ያልፋል፣ ወያላው «መገናኛ! መገናኛ!» ይላል፣ እሷ ፈገግ ብላ መልሴን ትጠብቃለች። ያኔ ነበር መናገር። አሁን ልንገራት፣ አሁን፣ አሁን እያልኩ «ጥሩ አደረግሽ» አልኳት። አዎ፣ እንደዚያ አልኳት። ቦራን የገደልኳት አንድ ጊዜ ነው፤ የገነትን እውቀት የገደልኩባት ግን ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛውን ፊቷ ቆሜ።

ዛሬ ቡድኑ ስልክ ላይ ገብቷል። ወጣቶቹ ሐኪሞች የታመመውን ከብት በቪዲዮ ቀርጸው ይልካሉ፤ መልሱ ሻይ ሳይበርድ ይመጣል። የድሮውን ኢሜይል ሁሉ አንድ ትጉህ ልጅ ሰብስቦ «የአባቶች ልምድ» በሚል ርዕስ ለሁሉም አድርሶታል። በቀደም አንድ አዲስ ተመራቂ ግድግዳ ስለምትልስ ላም ጠየቀ። ሌላው ወዲያው የእኔን ጽሑፍ አውጥቶ «ዶክተር ሞክረውታል፣ አይሠራም» አለው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያልኩ ስንት ዓመት ተቀመጥኩ። በራሱ የጠራ ነገር አላየሁም።

ለዚያ አዲስ ተመራቂ ያን ጊዜውኑ ደወልኩለት። «ትንፋሿን አሽት፤ ሽታው ካለ ግሉኮሱን ስጣት» አልኩት። «ዶክተር፣ እርስዎ እኮ...» ሲለኝ «የጻፍኩት ውሸት ነው» አልኩት። ማታውን መልእክት ላከልኝ፤ ቆማ እየበላች ነው።

ይቅርታ አልጠይቅም። ብጠይቃቸው ወይዘሮ አስካለ ይቅር ይሉኛል፤ ለዚያ ነው የማልጠይቀው። ይህን ግን አሁን ራሱ በቡድኑ ገጽ ላይ፣ ከውሸቱ ሥር፣ በስሜ አስቀምጠዋለሁ። ደንቡ መጨረሻውን ይጻፍ ይላል።

ገነት፣ ይህን ካነበብሽ፤ አፍንጫሽ አልተሳሳተም። ቦራ ሸትታኛለች። ግሉኮሱን አልሰጠኋትም።